ለእናቴ የተመረጠው መጽሐፍ

ኮምቦልቻ ውስጥ በወር አንድ ቀን እየተሰበሰብን መጽሐፍ የምናነብ ስምንት ሰዎች ነን። የንባብ ክበብ እንበለው እንጂ እኩሌታው ሰዓት የሚያልቀው በሻይና በሐሜት ነው። ባለፈው ወር መምረጥ የደረሳት ልጅ ያመጣችው ለወጣቶች የተጻፈ ልብ ወለድ ነበር፣ ያውም ከአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የተዋሰችው አሮጌ ቅጂ። አንዱ ባልደረባችን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየውና፣ «እኛ ጢማችን የሸበተ ሰዎች በልጆች መጽሐፍ ምን ልንከራከር ነው?» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ልስቅ ነበር። መጽሐፉ እየዞረ እኔ እጅ ሲገባ ግን ሽታው ቀደመኝ። ክረምት የገባበት ወረቀት ሽታ ነው፤ እርጥበት፣ ጭስና ትንሽ ላምባ ያለበት። ደሴ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ሐምሌና ነሐሴ እዚያ መጽሐፉም፣ ብርድ ልብሱም፣ ሰዉም የሚሸተው እንዲያ ነው።

ለባልደረባዬ ያን ቀን አልመለስኩለትም። ሻይ እየጠጡ የሚያወሩት ነገር አይደለም። መልሱ ይኸውና።

አስራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር የምንኖረው ጦሳ ተራራ ሥር፣ ዳገቱ ላይ፣ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ከድጃ በእጇ ሹራብ እየሠራች ትሸጣለች፤ ደሴ ብርድ ስለማይጠፋ ሹራብም ገዢ አያጣም። አባቴ የከባድ መኪና ረዳት ነበር፤ ከሞተ አራት ዓመት አልፎታል። ታላቅ እህቴ ሰዓዳ ጂዳ ሄዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ስትሄድ አስራ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ፓስፖርቷ ላይ ግን ሃያ አራት ነው የሚለው። እኔ ሰውን በአንድ ቀን ሰባት ዓመት የሚያሳድግ አገር ጥሩ አገር መስሎኝ ቀንቼባት ነበር።

ሰዓዳ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ትደውላለች። የላከችልን ሞባይል ኔትወርክ የሚይዘው መስኮቱ ጋ ብቻ ስለነበር እናቴ በሹራብ ክር አስራ እዚያው ሚስማር ላይ ሰቅላዋለች። ሲጮህ መርፌዎቿን እንደያዘች ትሮጣለች፤ ክሩ እየተተረተረ ይከተላታል። ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ ግን ስልኩ ዝም አለ። እናቴ ለጠየቃት ሁሉ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ትናንት ደውላልኝ ነበር፤ ደህና ናት» ትላለች። አጠገቧ ቆሜ ስትዋሽ እሰማታለሁ። ክፉ ነገር ከአፍ ከወጣ ይደርሳል ብላ የፈራች መሰለኝ፤ እኔም አብሬያት ዝም አልኩ።

ጋሽ ይማም ቤታችን የመጡት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። ከኛ ቁልቁል፣ አስፋልቱ ዳር የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎናቸው ውስጥ ጎረቤት ሰብስበው መጽሐፍ ያወያያሉ። የሚነበበው የወጣቶች መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ድሮ ያስተምሩበት ከነበረው ትምህርት ቤት ስድስት ሰባት ቅጂ በሳቸው ስም እየተዋሱ ያድሉታል። «ልጆቻችን የሚያነቡትን ሳናነብ ልጆቻችንን አወቅን አንበል» ነበር ነገራቸው። ቧንቧ ላይ የሚሰለፉ ሴቶች ግን፣ «ጋሽ ይማም ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ሊመዘገቡ ነው» እያሉ ይስቁባቸዋል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ከድጃ» አሉ፣ ጃንጥላቸውን እያራገፉ።

«ወአለይኩም ሰላም፣ ጋሽ ይማም። ኧረ ግቡ፣ ዝናብ እኮ መታዎት።»

«አልቀመጥም። የቅዳሜው ንባብ ላይ አንድ ሰው ጎድሎብናል። አንቺ ትምጪልን ብዬ ነው።»

«እኔ? እኔ ምን አውቄ ነው ከነአንቱ ጋር የምቀመጥ?»

«የምንነጋገረው ስለ ልጆች ነው። አንቺ ልጅ አሳድገሻል፤ ሌላ ምን እውቀት አለ?» አሉና ከኮታቸው ውስጥ አንድ መጽሐፍ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሽፋኑ ተገንጥሎ ስለነበር ርዕሱን እስከ ዛሬ አላውቀውም።

እናቴ ማንበብ እንደማትችል አልነገረቻቸውም። ከወጡ በኋላ መጽሐፉን በሁለት እጇ አንስታ ቆየችና፣ «ፋጤ፣ አንቺ ታነቢልኛለሽ፤ እኔ ቅዳሜ እናገራለሁ። ለማንም እንዳትተነፍሺ» አለችኝ። ወላሂ አልኳት። ከሰፈሩ ሴት ሁሉ እሷ ተመርጣ የተጠራችው ብልህ ስለሆነች ነው ብዬ ኩራቴ ሌላ ነበር።

አሁን የማውቀውን ሳልደብቅ ልናገር። በዚያ ሰሞን ሰዓዳ ሞታለች። እኔና እናቴ ብቻ አልሰማንም።

ወሬውን ያመጣው ሸምሱ ነው። ሸምሱ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ የሚነዳ ጎረቤታችን ሲሆን ከንባቡ ማኅበር አንዱ ነበር። ሰኔ መጨረሻ ላይ ከኮምቦልቻ ያሳፈራት፣ ከጂዳ የተመለሰች ልጅ የሐረጎን ዳገት እየወጡ ሳለ የሰዓዳን ስም አንስታ ነገረችው፤ ታማ፣ ሐኪም ሳታይ፣ እዚያው ተቀብራለች። ጋሽ ይማም በሰው በሰው ስልክ አስደውለው አጣሩ። እውነት ሆነ። የቀረው ለእናቴ ማርዳት ነው።

ደሴ ውስጥ መርዶ እንደ ደብዳቤ አይሰጥም። ሰው ይመረጣል፣ ቀን ይመረጣል፣ ጎረቤት ነጠላውን ተከናንቦ ጎህ ሲቀድ በር ላይ ይቆማል። የአባቴ መርዶ ግን እንዲያ አልነበረም። አንድ የማናውቀው የመኪና ሰው ገበያ መሃል እናቴን አግኝቷት፣ የሰማች መስሎት፣ «አላህ ያጽናሽ» አላት። ሽንኩርት እንደያዘች ወደቀች። ዘጠኝ ቀን አልተናገረችም፤ የደም ግፊቷም ከዚያ ወዲህ አልወረደም። ጤና ጣቢያ የምትሠራው ሲስተር ሮማን ያኔ ያስታመመቻት እሷ ነበረችና፣ «ሁለተኛ በድንገት ብትሰማ አትተርፍም» ብላ ለጋሽ ይማም ቁርጡን ነገረቻቸው። እሳቸውም አሰቡ፣ አሰቡና፣ መምህር ናቸውና፣ መጽሐፍ ፈለጉ። ከገጠር ከተማ ተነስታ ቤይሩት ስለሄደች፣ እዚያም ስለሞተች፣ ሐያት ስለምትባል አንዲት ልጅ የሚያወራ መጽሐፍ። የሐያትን ሞት ቀስ እያለች ከለመደችው የሰዓዳን ትችለዋለች አሉ። እናቴ እንደማታነብም ያውቃሉ፤ ቤቷ ውስጥ አንባቢ መኖሩንም ያውቃሉ። እንግዲህ ቀስ አድርጎ እንዲያረዳላቸው የተዋሱት ያለ እኔ ፈቃድ የኔን ድምፅ ነው። ክፋት እንዳልነበረበት አውቃለሁ። አንዳንድ ቀን ግን እስካሁን ያናድደኛል።

ከዙህር ሶላት በኋላ እናቴ ሹራቧን ይዛ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፤ እኔ አጠገቧ ሆኜ አነባለሁ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲበረታ ድምፄ አይሰማም፤ እስኪያባራ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። እናቴ ሐያትን እንደ ጎረቤት ልጅ ነበር የምትቆጣት። «እሱን ሰውዬ አትመኚው» ትላለች። «ደግሞ ምን ልትፈርሚ ነው፣ አላየሽም ወይ አረብኛ ነው።» አንድ ምዕራፍ ስንጨርስ መልሳ በራሷ አፍ ትነግረኛለች፣ ቅዳሜ እንዳትሳሳት። የሰማችውን አንዲት አታዛንፍም።

ቅዳሜ እኔም ከእናቴ ጋር እወርዳለሁ፤ የጋሽ ይማም ሳሎን ውስጥ ቆሎና ሻይ ይቀርባል። ውይይቱ የሚጀመረው በዱዓ ነው። ጋሽ ይማም እጃቸውን ዘርግተው፣ «ያ ረቢ፣ ያነበብነውን ለልባችን አድርግልን፤ ያላነበብነውን አንተ ታውቀዋለህ» ይላሉ። ሁሉም «አሚን»፣ ጴንጤዋ ሲስተር ሮማን ደግሞ «አሜን»። ከዚያ ክርክሩ ይነሳል።

«ልጅቷ ራሷ ናት ጥፋተኛዋ» አለ ሸምሱ በመጀመሪያው ቅዳሜ። «እናቷን ሳታማክር ከደላላ ጋር መነጋገር ምን ይሉታል?»

«የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ላይ ጥፋት አትጫን» አለች ሲስተር ሮማን። «ደላላው ትልቅ ሰው ነው። ፓስፖርቱን የሠራው ትልቅ ሰው ነው። ጭኖ የወሰዳት ሹፌርም ትልቅ ሰው ነው።»

«እኔን ነው?»

«መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ነው ያልኩት።»

ሸምሱ ከዚያ በኋላ ቆሎ አልነካም። ሰዓዳን ሻንጣዋን ጭኖ ሐረጎን ያወረዳት እሱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን በሹፌርነቱ ተሰድቦ የተቀየመ መሰለኝ።

እናቴ ሁለት ቅዳሜ ምንም አልተናገረችም። በሦስተኛው፣ ሐያት በየደብዳቤዋ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ እያለች መጻፏ ላይ ሲነጋገሩ ድንገት ገባችበት። «ደህና የሆነች ልጅ ደህና ነኝ አትልም» አለች። «ዛሬ ምን ሠራችሁ፣ ፋጤ አድጋለች ወይ፣ ያ የተበላሸ ቆርቆሮ ተቀየረ ወይ፣ ነው የምትለው። ደህና ነኝ ብቻ የምትል ልጅ ሌላ የምትናገረው ነገር ያጣች ናት።»

ፋጤ ስትል ከሐያት ወደ ሰዓዳ መሻገሯን ያወቀችው አልመሰለኝም። ጋሽ ይማም ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። አንዷ ሴትዮ ቀስ ብላ፣ «ሰዓዳ ግን ትደውላለች አይደል?» ብላ ጠየቀቻት።

«ትናንት ደውላ ነበር» አለች እናቴ። «አልሐምዱሊላህ።»

ሁሉም ብርጭቆ ብርጭቆውን አየ።

ውይይቱ ሲያልቅ ሲስተር ሮማን ከቦርሳዋ የደም ግፊት መለኪያ ታወጣለች። መጀመሪያ እናቴን ትለካለች፤ ከዚያ ለይምሰል ሁሉንም፣ ጋሽ ይማምን ሳይቀር። እኔ የንባብ ማኅበር ሁሉ እንዲያ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ስንገባ አማርኛ ክፍለ ጊዜ ላይም ይለኩናል ብዬ ለጓደኞቼ አውርቻለሁ።

በነሐሴ መጀመሪያ ቅዳሜ ብርጭቆ ለመመለስ ወደ ጓዳ ስገባ ጋሽ ይማምና ሸምሱ በረንዳ ላይ ሆነው ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«አስራ ስድስተኛውን ምዕራፍ ትጨርስ» አሉ ጋሽ ይማም። «እሱን ከጨረሰች እሁድ ጠዋት ሁላችንም ቤቷ እንሄዳለን።»

«እስከዚያ ፊቷን እንዴት አድርጌ ልየው?» አለ ሸምሱ።

እኔ የገባኝ ሌላ ነው። እናቴ መጽሐፉን ቀድማ ስለምትጨርስ ሽልማት ሊያመጡላት ነው፤ ሸምሱ ደግሞ ቀንቷል። ለማንም አልተናገርኩም። ቤት ሄጄ የመቀመጫውን ጨርቅ አጠብኩ፤ ምንጣፉን አራገፍኩ፤ ስኳራችን እንግዳ የሚበቃ መሆኑን አየሁ። እናቴ፣ «ዛሬ ምን ነክቶሻል?» ስትለኝ ፈገግ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

ሽልማቱ እንዲፈጥን ፈልጌ አስራ ስድስተኛውን ምዕራፍ እናቴ ገበያ ወጥታ ሳለ ለብቻዬ አነበብኩት። ሐያት ትሞታለች። ሁለት ሦስት ገጽ ደጋግሜ አገላበጥኩ፣ ምናልባት ሰው ተሳስቶ እንደሆነ፣ ሌላ ልጅ እንደሆነች ብዬ። እሷው ናት።

ሰዓዳም እንዲህ ሆና ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። የልጅ ልብ እዚያ አይደርስም፣ ወይም ደርሶ ይመለሳል። የታየኝ እናቴ ይህን ሰምታ ወደ ስልኩ ቀና ማለቷን ስትተው ነው። ስለዚህ በማግስቱ መጽሐፉን ከፍቼ፣ በየመሃሉ ገጽ እየገለጥኩ፣ የሌለውን አነበብኩላት። ሐያት ደወለች። እመጣለሁ አለች። ቀይ ሻንጣ ይዛ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ወረደች፤ ሌላ አውሮፕላን ማረፊያ አላውቅምና። ወፍራ ስለነበር እናቷ ሳታውቃት ልታልፍ ስትል፣ «እማ፣ እኔ እኮ ነኝ» አለቻት።

እናቴ መርፌዎቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሳቀች። ያን ክረምት ስትስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «እስቲ እሱን ድገሚልኝ» አለችኝ። ስደግመው ተደናግሬ ሻንጣውን ሰማያዊ አደረግኩት። መርፌዎቿን አንስታ ቀጠለች።

ቅዳሜ ደረሰ። ዱዓ ተደረገ። ጋሽ ይማም መጽሐፋቸውን ገለጡና፣ «እህ፣ አስራ ስድስተኛውን ምዕራፍ እንዴት አገኛችሁት?» አሉ። የሚጠይቁት ሁሉንም ነው፤ የሚያዩት እናቴን ብቻ።

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውን ሁሉ ቀድማ ተናገረች። «እኔስ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት» አለች። «ኮምቦልቻ ከአውሮፕላን ስትወርድ፣ እናቷ አላውቅ ብላት፣ ‹እማ፣ እኔ እኮ ነኝ› ስትላት። ወላሂ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።»

ጆሮዬ እንደ እሳት ጋለ። ቆሎ የሚቆረጥም ሁሉ አቆመ። መጽሐፉ ውስጥ ኮምቦልቻ የሚባል ስም አንድም ቦታ እንደሌለ እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል።

«የቱ ጋ ነው እሱ…» ብሎ ጀመረ ሸምሱ። ጋሽ ይማም ቀና ብለው አዩት። ሸምሱም፣ «አዎ» አለ፣ «አዎ፣ እኔም እዚያ ጋ ስደርስ አለቀስኩ።» እውነትም እንባው ወረደ።

«ሻንጣዋን ማን ተቀበላት?» አሉ ጋሽ ይማም፣ እንደ ሌላው ቅዳሜ ሁሉ ማስታወሻቸውን ከፍተው። እናቴ የተቀበላት አጎቷ መሆኑን ነገረቻቸው፤ ያን እንኳ እኔ አላነበብኩላትም። አንዷ ሴትዮ፣ ልጅ ከስደት ስትገባ የሚታረደው በግ ወይስ ዶሮ ነው ብላ ጠየቀች። ሌላዋ፣ ሐያት ትምህርቷን ካቆመችበት ትቀጥላለች ወይስ ታገባለች የሚል ነገር አነሳች። ሁሉም በተራው ተናገረ። ሲስተር ሮማን ብቻ ቀረች። በሃይማኖቷ ጥብቅ ናት፤ ለሕመምተኛ እንኳ የማትዋሽ ሴት። ተራዋ ሲደርስ የእናቴን እጅ ያዘችና፣ «ከድጃ፣ እንደዚያ እንዲሆን ስንት ጊዜ እንደጸለይኩ ጌታ ያውቃል» አለች፤ ከዚያ በላይ አልቻለችም።

እንዲህ እያሉ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እኔ የፈጠርኩትን ምዕራፍ ተወያዩ። መጀመሪያ ፈራሁ። ቀጥሎ፣ ማፈሬ ባይቀርም፣ ኩራት ተሰማኝ፤ ከራሴ ያወጣሁትን ትልልቅ ሰዎች ተከራከሩበት። በኋላ ግን አንድም የሚስቅ ሰው እንደሌለ አየሁ። የሰው ገመና መሸፈን ወግ ነው በምንልበት አገር ብዙ ሽፋን አይቻለሁ፤ ያን ቀን ያየሁትን ያህል የከበደ ግን አላየሁም።

ስንወጣ ጋሽ ይማም በሩ ላይ እጄን ይዘው አስቀሩኝ። እናቴ ጫማዋን ከጭቃው እየመረጠች ፊት ፊት ሄዳለች።

«መጽሐፉ ውስጥ ኮምቦልቻ የለም፣ ፋጤ።»

«እማ እንዳታለቅስ ብዬ ነው» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጠረጉት። ሹራቡን የሠራችው እናቴ ናት። «እኛም እንዳትወድቅብን ብለን ነበር» አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው። «እንግዲህ ምን ይሻላል?» የምራቸውን ነው የጠየቁኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው። «በይ ሂጂ፣ አብሽሪ» ብለው ለቀቁኝ።

ዳገቱን ወጣን። እናቴ ቤት ገብታ ውዱእ አደረገች፤ የአስር ሶላቷን ሰገደች። ሱጁድ ላይ፣ ግንባሯ መሬት እንደነካ፣ በጣም ቆየች። ሶላቷን ከጨረሰች በኋላ ከመስገጃዋ ሳትነሳ፣ «መጽሐፉን አምጪው» አለችኝ።

«ነገ ባነብልሽስ፣ እማ?»

«አሁን። ከዋሸሽበት ጀምሪ።»

ገጹን ፈለግኩ። «በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«ሻንጣዋ ቀይ ነበር፤ ቀጥሎ ሰማያዊ ሆነ። እሱን ልጅ ናት፣ ዓይኗ ደክሞ ነው ብዬ አለፍኩት። ግን ልጅ ተመለሰች ሲባል ሰው ቀና ይላል እንጂ አያቀረቅርም። ሁሉም አቀርቅረው ነው የሰሙኝ። አንብቢ።»

አነበብኩላት። ሐያት አንዲት መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ ታማ፣ ቋንቋዋን የሚሰማ ሰው አጠገቧ ሳይኖር ሞተች። አገሯ ያሉ ጎረቤቶቿ ወሬውን ከሰሙ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። እንዴት እንደሚነግሯት ጠፍቷቸው ከእናቷ ጋር ገበያ ይወጣሉ፣ አብረዋት ይስቃሉ፣ ዞር ሲሉ ያለቅሳሉ። አንድ ቀን ማለዳ ነጠላቸውን ተከናንበው በሯ ላይ ቆሙ። እናቲቱ በቀዳዳ አየቻቸውና የበሩን መወርወሪያ ዘጋች። ካልከፈትኩ ልጄ አትሞትም አለች። ቀኑን ሙሉ ውጭ ቆመው ዋሉ፤ ምዕራፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

«ጎረቤቶቿ ያሉበትን መልሰሽ አንብቢው» አለችኝ እናቴ።

አነበብኩት።

«ለስንት ጊዜ ደበቁባት አልሽ?»

«ሁለት ወር።»

እናቴ ጠቋሚ ጣቷን መስገጃው ላይ አስኬደች። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለች። ድምጿ አልተሰበረም። «ሸምሱ ከሰኔ ወዲህ ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ሮማን ክንዴን ስትለካ የሚንቀጠቀጠው የሷ እጅ ነው። ጋሽ ይማም የኔን ተራ ወሬ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ ደውላ ነበር እያልኩ አሰቃያቸዋለሁ። አላህ ይማረኝ፣ ምን ያህል ደክመዋል።»

«እማ፣ ሐያት እኮ መጽሐፍ ውስጥ ናት» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ አካሌ።» ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። መዳፏ በረዶ ሆኖ ነበር። «ሂጂና ጋሽ ይማምን ጥሪያቸው። ሮማንም መለኪያዋን ይዛ ትምጣ።»

«ምን ልበላቸው?»

«ከድጃ መጽሐፉን ጨርሳለች በያቸው። ሌላ ምንም አትጨምሪ።»

ጫማዬን ተጫምቼ ወጣሁ። ከኋላዬ እናቴ ከመስገጃዋ ተነስታ ወደ በሩ ስትመጣ ሰማሁ። ቁልቁለቱን የጀመርኩት በሩጫ ነበር፤ መሃሉ ላይ፣ የድንጋይ ካቡ ጋ ስደርስ ገባኝ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው የገባኝ፤ ስልኩ፣ መለኪያው፣ የሸምሱ እንባ፣ እሁድ ጠዋት ሁላችንም ቤቷ እንሄዳለን ያሉት። ካቡን ተደግፌ ቆምኩ። ሰዓዳ ከመሄዷ በፊት ፀጉሬን ስትሠራኝ ራሴን እንዳላነቃንቅ በጉልበቷ ትይዘኝ ነበር፤ እሱ ትዝ አለኝና ጮኼ አለቀስኩ። መመለስ እችል ነበር። ሰዎቹ የሉም ብላት ታምነኛለች፣ ወይም ያመነች ትመስላለች፤ ቢያንስ እስከ ነገ። ከዚያ ግን እናቴ ብቻዋን እየጠበቀች መሆኗን አሰብኩና ፊቴን በቀሚሴ ጠርጌ ወረድኩ።

የጋሽ ይማም ሳሎን እንደተውነው ነው። አንድም ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም። መጽሐፎቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘግተዋል፤ ሻዩ በየብርጭቆው ቀዝቅዟል። ስገባ ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«ከድጃ መጽሐፉን ጨርሳለች» አልኩ።

ሸምሱ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሴቶቹ ቃል ሳይነጋገሩ ነጠላቸውን ሳቡ። ሲስተር ሮማን ቦርሳዋን አነሳች። ጋሽ ይማም ጃንጥላቸውን አነሱ።

«እናትሽ ተኝታ ነው ወይስ ተቀምጣ?» አሉኝ።

«አልተኛችም» አልኳቸው። «በሩን ወለል አድርጋ ከፍታዋለች።»